አየር ወለድ ዳስ

ሰው እህቱን ሲድር ያለቅሳል፣ ይጨፍራል፣ አቅሙ ከፈቀደም ሰክሮ ይወድቃል። እኔ እህቴን ስድር በረርኩ። ማጋነን አይደለም። ዳባት ወርዳችሁ ዕድሜው የደረሰውን ሰው ጠይቁ፤ ያየኝ «አይቸዋለሁ» ይላል፤ ያላየኝም ከሰው እንዳያንስ «አይቸዋለሁ» ይላል።

እህቴ ጥሩወርቅ ለደባርቅ ልጅ ታጨች። ሙሽራው ሙሉጌታ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃላቱን እንደ በግ አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያሳልፍ መልካም ልጅ ነው። በእሱ ማንም ቅር አላለውም። ያስጨነቁን አባቱ ነበሩ። መሪጌታ አዱኛ ዜማ አዋቂ፣ ግርማ ሞገሳቸው ከሩቅ የሚያስቆም፣ ፊታቸው የሁዳዴ ጾም ያህል የረዘመ ሰው ናቸው። በደባርቅ ሲስቁ ያየ የለም ይባላል። ሽምግልናው አልቆ ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት ጣራውን አዩ፣ በረቱን አዩ፣ በመጨረሻም እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «እግዚአብሔር ይጨምርበት» አሉ። ቀጭን ነኝ፤ አልክድም። ቢሆንም ጣራውንና በረቱን አይተው ዝም ያሉ ሰው እኔ ላይ ሲደርሱ ምርቃት ማውጣታቸው ከነከነኝ።

በዚህ ምክንያት «ይህ ሠርግ የደባርቅን ሰው አፍ ማስከፈት አለበት» ብዬ ተነሣሁ። አፋቸውንስ ከፈቱ። ሰው የለመነውን ነገር በምን መልክ እንደሚሰጡት አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ስለት የሚሳል አይገኝም ነበር።

የዳሱ ነገር የመጣው በአጎቴ በኩል ነው። አጎቴ ይርዳው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በቀድሞው ጦር አየር ወለድ ነበር። ዘመዱም ጎረቤቱም «ሃምሳ አለቃ» እያለ ነው የሚጠራው። ያ ጦር ሲበተን አንዱ ወታደር ካፖርት፣ ሌላው ኮዳ ይዞ አገሩ ገባ፤ ሃምሳ አለቃ ይርዳው አንድ ሙሉ ፓራሹት ይዞ ገባ። እንዴት እንዳገኘው በተጠየቀ ቁጥር ታሪኩ ስለሚለዋወጥ መጠየቁን ተውነው። ከአውሮፕላን ስለመዝለሉ ሲተርክ ግን አንዲት ቃል አይለውጥም። የሰፈሩ ሰው ነው የማያምነው። «ከበቅሎ ላይ ወድቀህ ይሆናል» እያሉ ያበሽቁታል። እሱም ፓራሹቱን ከሣጥን አውጥቶ «ታዲያ ይኼ የማን ቀሚስ ነው?» ይላቸዋል።

ጨርቁን ደጅ ላይ ዘረጋልን። ነጭ፣ ስስ፣ ስትነካው እንደ ውኃ ከእጅህ የሚያመልጥ፣ ስፋቱ አውድማ የሚያህል! የእኛ ሰፈር ሠርግ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በውሰት ሸራ የሚወጣ ነው። ሃምሳ አለቃ «ከዚህ ወዲያ ዳስ የለም» ሲል ልቤ ዘለለ። ልብ መጀመሪያ ይዘላል፤ አካል በኋላ ይከተላል።

እናቴ «ከጓሮ፣ ከረባዳው ላይ ትከሉት፤ እዚያ ነፋስ አይደርስም» አለች። ሃምሳ አለቃ ግን ከቤቱ በላይ ያለችውን ጉብታ መረጠ። «ከደባርቅ የሚመጣው ሠርገኛ ከመንገዱ ላይ ሆኖ እንዲያየው ነው። ረባዳ ውስጥ የተተከለ ዳስና ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ሽልማት አንድ ነው!» እኔም የጂኦግራፊ መምህር መሆኔን፣ ለዓመታት ስለ ነፋስና ስለ ሙቀት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት ስስል መኖሬን ረስቼ «ጉብታው ይሻላል» አልሁ። መምህር ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ትቶት ይወጣል፤ ጠመኔውን ብቻ ነው ኪሱ ውስጥ ረስቶት ቤቱ የሚገባው።

ዳሱን የተከልነው በሠርጉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጥር ላይ በእኛ አገር ፀሐይ ስትገባ ነፋሱም አብሯት ይገባል። ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ መካከሉ ላይ አቆምን፤ ጨርቁን ከፍ አድርገን ሰቀልን፤ ዳር ዳሩን በገመድና በካስማ ወጠርን። ሲያልቅ ወደ ኋላ ራቅ ብለን አየነው። ደመና ለማረፍ የእኛን ግቢ የመረጠ መሰለ። ሃምሳ አለቃ እንባውን በመዳፉ ሲጠርግ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ተነጥፎ ነበር። የወጥ ቤቶቹ ጭስ ትንሽ ቀጥ ብሎ ይወጣና ክዳን እንደነካ ሁሉ እዚያው ተንጋሎ ይተኛል። ሃምሳ አለቃ አፈር ዘግኖ ወደ ላይ በተነ። አፈሩ ተመልሶ ጫማው ላይ ወረደ። «ነፋስ የለም!» ብሎ እንደ አዋጅ አስነገረ።

ነፋስስ ነበረ። ከአጥሩ ጥግ ያሉት ባሕር ዛፎች ጫፋቸው ብቻ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና ይላል፤ ከታች አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም። እኔም አየሁት። አይቼ «እንዴት ያምራል» ብዬ አለፍኩ።

ሙሽራይቱ ቤት ውስጥ ሹሩባ እየተሠራች ነው። በመስኮት ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ዳሱን ጉብታው ላይ ነው የተከላችሁት?»

«እንዴታ! እግዜር ለሠርግሽ ብሎ ነፋሱን አሰረልሽ።»

«የባሕር ዛፉ ጫፍስ ምን እያደረገ ነው?»

«ትንሽ ይወዛወዛል።»

«አንተው አይደለህም እንዴ ያስተማርከን? ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ከብዶ ይተኛል፤ የላዩ ነፋስ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ እንደ ድስት ይፈላና ያንን የላዩን ነፋስ እየጎተተ ያወርደዋል፤ ሲወርድም ሽው ይላል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ሽው ይላል ብለኸን ነበር። ፈተና ላይ አምጥተኸው ሙሉ ነጥብ ሰጥተኸኛል።»

እውነቷን ነው። አፌ ግን እሺ አላለም። «ሙሽራ አትናገርም! አንገትሽን ድፊ!» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁባት።

ረፋዱ ላይ ዕድምተኛው ገብቶ ሞላ። ውርጩ ቀለጠ፣ መሬቱ ሞቀ። ያ ተኝቶ የነበረው ጭስ ተነሣና ግራ እንደተጋባ ሰው ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሽውታ መጣች። ትንሽ ናት። የዳሱን ጫፍ ገለብ አድርጋ አየችና ሄደች። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ያልተጠራ እንግዳ ገባ» አለ አንዱ። ጨርቁ ተነፋ፣ ተመልሶ ሟሸሸ። እንደሚተነፍስ ነገር ሆነ።

ሁለተኛይቱ ስትመጣ አንድ ካስማ ከነአፈሩ ተነቅሎ ጠጅ አሳላፊው እግር ሥር ወደቀ። ሃምሳ አለቃ «ምንም አይደል፣ ድንጋይ!» አለ። ገመዶቹን ከድንጋይ ጋር አሰርን። ሦስተኛይቱ ድንጋዮቹን እየጎተተች አስኬደቻቸው። «የእህል ጆንያ!» የገብስ ጆንያ አመጣን። ጆንያውም እየተንፏቀቀ ሄደ። የጠላ ጋን አሰርን። ይኸ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነበር። ጋኑ ሽው ባለ ቁጥር ብድግ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠላውም ለዕድምተኛው ሳይቀዳ ለመሬት ተቀዳ።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ሐሳብ የመጣችልኝ። ካስማ ካልቻለ፣ ድንጋይ ካልቻለ፣ ሰው ይችላል! ዕድምተኛውን በዳሱ ዙሪያ ገመዱ ላይ ማስቀመጥ። ሠርግ ቤት ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ ካህናቱ ከላይ፣ ሽማግሌው ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። እኔ በክብደት አደረግሁት። «እርስዎ ወዲህ ይበሉ፤ አንተ ቀጭን ነህ፣ መካከል ግባ፤ እርስዎ ግን ከዚህ ገመድ ላይ እንዳይነሡ» እያልኩ ዞርኩ። ሰው ክብር መስሎት ደስ እያለው ተቀመጠ።

የገባቸው እትዬ ፋጡማ ብቻ ናቸው። እትዬ ፋጡማ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሞላ ያሉ ደርባባ ሴት ናቸው፤ ለእስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ለብቻ ከተሰናዳው ማዕድ አስነሥቼ ወደ ነፋሱ ዳር አምጥቻቸዋለሁ።

«አንተ መምህር፣ ለምንድን ነው እዚህ ያስቀመጥከኝ?»

«አየሩ ጥሩ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

«አየሩ ጥሩ ነው፣ ወይስ እኔ ከጋኑ እበልጣለሁ?»

ገመዱን እንደሚያጠብቅ ሰው ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት፤ ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት። «እኔ ዕድሜዬን ጨርቅ ለክቻለሁ። ይኸ ለመሬት የተሠራ አይደለም። መሄድ ነው የሚፈልገው» አሉ። ግን ተቀመጡልን፤ ሆዳቸው ባሕር ነው። ዳሱም በሰው ክብደት ረጋ። ሽው ይላል፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሕዝብ ትንሽ ብድግ ይላል፣ ይቀመጣል። እየቆየ ተለመደና በዘፈኑ ምት ይነሣና ይቀመጥ ጀመር። ልጆቹ ሳቁ፣ ባልቴቶቹ እልል አሉ። እኔም መካከል ቆሜ «ሳይንስ ማለት ይኸ ነው» እላለሁ።

የዚያን ጊዜ ከመንገዱ ጥሩምባና እልልታ ተሰማ። ሠርገኛው መጣ! መሪጌታ አዱኛ በበቅሎ ከፊት፣ ሙሽራው ካባ ለብሶ ከኋላቸው፣ ሚዜዎቹ በጭብጨባ። ከጉብታው ሥር ደርሰው ቀና ብለው ዳሱን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። መሪጌታ ራሳቸው በቅሏቸውን ገቱ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ኮርቼ አላውቅም።

እንግዲህ እኛ የታወቅን ጨዋ ሕዝብ ነን። መሪጌታን የሚያህል ሰው ሲመጣ ማን ተቀምጦ ይቀበላል? ካህናቱ ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ዕድምተኛው ሁሉ እጅ ለመንሣት በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። «አትነሡ! በማርያም፣ አትነሡ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ፋጡማ ብቻ ሰምተውኝ ተቀመጡ፤ አንድ ሰው ምን ያህል ይችላል?

ሽው!

የቀደሙት ሁሉ ለካ መልእክተኞች ኖረዋል፤ ባለቤቱ ይኸ ነው። ዳሱ ጡዝ ብሎ ተነፋ፣ ምሰሶው ተነቀለ፣ ካስማው እንደ ፌንጣ ዘለለ። ሃምሳ አለቃ ይርዳው ከወዲያ በኩል አንዱን ገመድ ጨበጠ፤ እኔ ከወዲህ ሌላውን። ከዚያ እግሬን ፈለግሁት፣ መሬት ላይ የለም።

መጀመሪያ ክንድ ያህል ነው የተነሣነው። እዚያ ከፍታ ላይ ነፋስ እንደ ፍየል ግልገል ነው፤ ግራ ይመታሃል፣ ቀኝ ይመታሃል፣ ይተውህና ስትወርድ መልሶ ይነጥቅሃል። የገብሱ ቃርሚያ ላይ በጉልበቴ አረስኩ፤ ተነሣሁ፤ በመቀመጫዬ አረስኩ። «መምህር፣ ልቀቀው!» የሚል ጩኸት ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማኛል። እንዴት ልልቀቅ? የእህቴ ዳስ ነው! ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከጎኔ እየተንጠለጠለ ያዛል፦ «እግር ግጠም! ጉልበት እጠፍ! አገጭ ወደ ደረት!»

ቀጥሎ የመጣው ሽውታ ከአጥሩ በላይ አወጣን። ታምኑኝ እንደሆነ እዚያ ላይ መንገጫገጩ ቀረ። ነፋሱ ቢበረታም ለሰለሰ፤ እንደ ወንዝ አንድ ወጥ ሆኖ ይገፋል። ታች እያለ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የጭድ ክምሩ፣ የጋለው መሬት እየሰባበሩት ኖሯል የሚደነፋው፤ ላይ ግን የሚያደናቅፈው የለም። ዳባት ከነቆርቆሮው፣ ከወዲያ የስሜን ተራሮች ጥርሳቸውን አግጠው ታዩኝ። በፍርሃት ፈንታ ምን እንደመጣብኝ ታውቃላችሁ? ሳቅ። ዞር ብዬ ሳይ ሃምሳ አለቃም ይስቃል። ወደ ታች ወደ ሰፈሩ ሰው እየጮኸ፦ «ከበቅሎ ነው የወደቅሁት? ንገሩኝ እስቲ! ይኸ በቅሎ ነው?»

በረራው ሳይጀመር ያለቀ ያህል አጭር ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወረድኩም ማለት ይቻላል። ሽውታው ሲተነፍስ ፓራሹቱ ሟሸሸ፤ እኛም ጭድ ክምሩ ላይ ጧ አልን። ጨርቁ ግን ከእጃችን አምልጦ ጥቂት ተንሳፈፈና በቀስታ፣ በክብር፣ ሠርገኛው ላይ ወረደ። በመሪጌታ፣ በሙሽራው፣ በሚዜዎቹ፣ በበቅሎዋም ላይ።

ዘፈኑ ቆመ። እልልታው ቆመ። በነጩ ጨርቅ ሥር ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የበቅሎዋ ይሁን የመሪጌታ አይለይም። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አለቀልን። ልጄን አንሥተው ሊሄዱ ነው... ኧረ ልጄን ጥለው ሊሄዱ ነው!» አለች፤ የቱ እንደሚብስ ጠፋባት። እኔም ከጭዱ ወጥቼ እየሮጥኩ፣ በልቤ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ወስኛለሁ።

ከእኔ የቀደመች ነበረች። ጥሩወርቅ የእኔን በረራ በመስኮት አይታ «ጋሼ ሞተ!» ብላ ከነሹሩባዋ ወጥታለች። ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፤ «ጨርቁ ባለበት እሱ አለ» ብላ ጎንበስ ብላ ገባች። ጨርቁን ከዳር እየሰበሰብን ስንገልጥ እኔን ልትፈልግ ገብታ ሙሉጌታን አግኝታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተገኙ። ያ ዝምተኛ ልጅ ጥርሱ እስከ ማለቂያው ታየ። ሚዜዎቹ በር ላይ የሚከራከሩት፣ የእኛ ልጃገረዶች «አናስገባም» የሚሉት ሁሉ ቀረ። የምን በር! ሙሽራይቱ ራሷ ሜዳ ወጥታ ተቀበለቻቸው።

በመጨረሻ መሪጌታ ተገለጡ። ጥምጥማቸው ወልቆ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጢማቸው ውስጥ ገለባ አለ። እኔና ሃምሳ አለቃን፣ ጭድ ለብሰን የቆምነውን፣ ቀስ ብለው አዩን።

«ከላይ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎን፣ አባታችን። ይቅር ይበሉን...»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

«ከአጥሩ በላይ?»

«ከአጥሩ... አዎን፣ ከአጥሩ በላይ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ አጥሩ አዩ፤ ከአጥሩ በላይ ወዳለው ባዶ ሰማይም አዩ። «በደኅና ያወረዳችሁ አምላክ ይመስገን» አሉና ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «ምሳው የት ነው?» አሉ።

እልልታው ዳባትን ከዳር እስከ ዳር ቀሰቀሰ። ምሳውን እናቴ ከመጀመሪያው ባለችው ረባዳ ውስጥ በላን። ፓራሹቱን ጠቅልሎ ለማስገባት ሁለቱም ወገን ተሰልፎ ዳሩን ያዘ፤ ነፋሱ ግን ገና አልጠገበም። ሽው ሲል ሕዝቡ ሁሉ እጁን ወደ ላይ፣ ሲተው ወደ ታች። አንዱ አዝማች አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ፤ የዳባትና የደባርቅ ሰው ተቀላቅሎ አንድ ጨርቅ ይዞ እየዘለለ ጨፈረ። እትዬ ፋጡማ ከመካከል ገብተው «ያዙት እንጂ! እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ ክብደት ያለኝ?» እያሉ ያስቁናል። በዚያ ዕለት ያልሳቀ መሪጌታ ብቻ ናቸው። እሳቸው ቁጭ ብለው ጨርቁን ያያሉ። ሲነሣ አገጫቸው አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለቅልቅሉ ደባርቅ ሄድን። በልተን ጠጥተን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያነድ መሪጌታ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «መምህር፣ አንዴ ይምጡማ» አሉ። ከቤቱ በስተጀርባ ወደ ስሜን ከሚወጣው ዳገት ሥር፣ ሰው የማያየን ሜዳ ላይ አወጡኝ። «ወቀሳው አሁን መጣ» ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ያ ጨርቅ ተቀደደ ወይስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ሃምሳ አለቃ ይዞት መጥቷል፤ ያለሱ የትም አይሄድም።»

ሣሩ ላይ ሽው ሲል አየር በአፍንጫቸው ሳቡ። «ጠዋት ነው የሚሻለው ወይስ አሁን?»

«ጠዋትማ አየሩ ተኝቷል፣ አባታችን፤ ምንም አይል። የሚያስፈራው አሁን ነው።»

«የሚያስፈራውን አልጠየቅሁም» አሉ። ጥምጥማቸውን ፈቱና አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን በወገባቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ወደ ቤቱ ተገላምጠው የሚያይ አለመኖሩን አረጋገጡ። «እግር መግጠም፣ ጉልበት ማጠፍ... ከዚያስ ምን ነበር?»

«ከዚያማ፣ አባታችን» አለ ሃምሳ አለቃ ይርዳው ጨርቁን ታቅፎ ከኋላችን ብቅ ብሎ፣ «አገጭ ወደ ደረት ነው!»